መልስ፦ ማስተርስ ሳልሰራ አሜሪካ በባዮሎጂ ፒኤችዲ ማመልከት እችላለሁ?
አዎ ትችላለህ ወንድሜ። እዚያ አብዛኞቹ የባዮሎጂ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው በቀጥታ ይቀበላሉ፣ 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል። እንዲያውም በገንዘብ በኩል ከማስተርሱ ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንልሃል፣ እያስተማርክ ወይም ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ እየሰራህ አበል ታገኛለህ። ማስተርስ ግን በአብዛኛው ከኪስ ነው።

ጂአርኢን (የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን) ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትተውታል፣ ስለዚህ ሳታጣራ ብር አታውጣ። በእንግሊዝኛ መማርህን የሚገልጽ ደብዳቤ ካመጣህ ቶፍልን (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን) የሚያነሱልህም አሉ። ሁሉም አይደሉም።

ዋናው ምርምር ነው። ጂፒኤህ 3.9 ሆኖ ላብ ወይም መስክ ላይ ምንም ካልሰራህ ይከብዳል፤ የመመረቂያ ጽሑፍህ ላይ ምን እንደጠየቅክ፣ በምን ዘዴ እንደሰራህ፣ ምን እንዳገኘህ አብራርተህ ጻፍ። የድጋፍ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ 3 ይጠይቃሉ፣ አንዱ ከአማካሪህ ይሁን። "ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነው" ብቻ የሚል ደብዳቤ (የኛ አገር በሽታ!) ምንም አይጠቅምህም።

ፍላጎትህ ኢኮሎጂ ከሆነ ከማመልከትህ በፊት ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል ላክ። ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ላይ ግን ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዓመት የተለያየ ላብ አዙረው ስለሚያስመርጡህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ማመልከቻው ብዙ ቦታ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ስለሚዘጋ የትራንስክሪፕቱን ጉዳይ ከአሁኑ ጀምር፣ የማመልከቻ ክፍያውንም እንዲያነሱልህ ጠይቃቸው።