ከብሎክ ብሎክ መዳብ አይዘርጉ፦ የትምህርት ቤት ስልክ ለምትቀይሩ

ሰላም መምህር፤ «ስዊችቦርዳችን አርጅቷል፣ ክረምት በገባ ቁጥር መስመሩ ይንጫጫል፣ ወደ አይፒ ስልክ ብንገባ ምን እንግዛ?» ላሉት ነው። አይፒ ስልክ ማለት በኮምፒውተር ኔትወርክ የሚሠራ ስልክ ነው። የእርስዎም ግቢ እንደ ብዙዎቹ የባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች አስተዳደሩ አንድ ጥግ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ጥግ፣ ጥበቃው በር ላይ ነው ብዬ ልነሳ።

1. ፕሮፎርማ ከመሰብሰብዎ በፊት ስፔሲፊኬሽኑን ራሳችሁ ጻፉት። ለምሳሌ ለ16 ስልክ ባለ 24 ፖርት ፒኦኢ ስዊች (በኔትወርክ ገመዱ ለስልኮቹ ኤሌክትሪክም የሚሰጥ ማከፋፈያ) እና አንድ አይፒ ፒቢኤክስ (ጥሪዎቹን የሚያገናኝ ማዕከል) ይበቃል። የ058 ቁጥራችሁን ግን አታስዘጉ፤ ወላጁ ሁሉ የያዘው እሱን ነው። በኤፍኤክስኦ ጌትዌይ (የቴሌን የመዳብ መስመር ወደ አይፒ በሚቀይር መሣሪያ) ከአዲሱ ጋር ይገናኛል።

2. በብሎኮች መካከል የሚዘረጋው ፋይበር (በብርሃን የሚሠራ የብርጭቆ ገመድ) ይሁን። ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ካት 6፣ ባለ 305 ሜትር፣ 2 ካርቶን» ብሎ ይጽፋል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ኮሚቴው ይፈርማል። ካት 6 የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ነው፤ ከ100 ሜትር በላይ እንደማያደርስ እንኳ የሚነግራችሁ የለም። የባሰው ግን መብረቁ ነው። በክረምት ከጣና በኩል ደመናው ተነሥቶ ግቢው ዛፍ ላይ ቢወርድ፣ የሁለቱ ሕንፃዎች ኧርዝ (ወደ መሬት የሚገባው ሽቦ) ለቅጽበት የተለያየ ቮልቴጅ ይይዛል፤ ልዩነቱም በመዳቡ በኩል ያልፋል። እንዲህ በሆነበት አንድ ግቢ፣ በማግስቱ ራኩ (ስዊቹ ያለበት ሳጥን) ሲከፈት ያየሁት ይኸው ነው፦ ወደ ጥበቃ ቤት የሚሄደው ፖርት ጠቁሯል፣ አጠገቡ ያሉት ሁለቱም መብራት የላቸውም፣ የበሩ ስልክ ስክሪኑ ሞቷል። ሻጩ «መብረቅ በዋስትና አይሸፈንም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ገመዱን የመረጠው እሱ ነበር! እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ባለ 4 ኮር ሲንግል ሞድ፣ ውስጡ የብረት ሽቦ የሌለው፣ ከሕንፃ ውጭ የሚዘረጋ ፋይበር ይግዙ። ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ ኤስኤፍፒ (ፋይበሩን ከስዊቹ የሚያገናኝ መሰኪያ) ይሰካል። በፒቪሲ ቱቦ 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይቀበር። አፈሩ መረሬ ከሆነ በበጋ ተሰንጥቆ ቱቦውን ስለሚጎትት፣ በየማንሆሉ 3 ሜትር ያህል ጥቅል ይተዉለት። ከውጭ የሚገባው የ058 መስመር ያው መዳብ ነውና ጌትዌዩ ጋ ሳይደርስ ኧርዝ የተደረገ የመብረቅ መከላከያ ያስፈልገዋል።

መብራትንም አስቡበት። የመዳቡ መስመር ከቴሌ ማዕከል 48 ቮልት ይዞ ስለሚመጣ፣ በቀጥታ የተሰካ ስልክ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አይፒ ስልክ ወዲያው ይሞታል። 16 ስልክ በ5 ዋት 80፣ ስዊቹና ፒቢኤክሱ 40፣ በድምሩ 120 ዋት ነው፤ ለ4 ሰዓት 480 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ እስከ ግማሹ ብቻ ቢወርድ 600 ይሰጣል፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ተቀንሶም ይበቃል። ተራ ባለ 1 ኬቪኤ ዩፒኤስ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አያቆያችሁም።

ርክክብ ላይ በሞባይል ደውላችሁ ዝጉና ጠብቁ። መስመሩ በጥቂት ሰኮንድ ካልተለቀቀ፣ ጌትዌዩ የቴሌውን የመዝጊያ ቶን (ድምፅ) አልለየውም ማለት ነው፤ ቀጣዩ ወላጅ ቀኑን ሙሉ «ተይዟል» ይባላል። ቶኑ ተቀርጾ፣ ድግግሞሹና ርዝመቱ ተለክቶ ጌትዌዩ ላይ ይሞላ። የፋብሪካው ፓስወርድ ይቀየር፣ የውጭ አገር ጥሪም ይዘጋ። ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ልቀቁ።