ሁለተኛዋን ትንሿን ዴክ በአነስተኛ ብር ማሻሻል፦ የእሑድ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ከሰዓት ሙሉ አለሁ። የዛሬው ጉዳይ ሳሎን ላይ ያለው ትልቁ የሙዚቃ ሲስተም አይደለም፤ መኝታ ቤት፣ ሱቅ ወይም የጥናት ክፍል ያስቀመጣችኋት ሁለተኛዋ ናት። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። አንደኛ፣ የዕቃችሁን ጀርባ ሳታነቡ አትጠይቁ። ቮልቱም ኦሙም (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው የመቋቋም ልክ ነው) እዚያው ተጽፏል። ሁለተኛ፣ ዋጋ አልናገርም። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ የሰማሁት ዋጋ ነገ ማርቆስ ላይ ያስዋሸኛል።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ጋሼ፣ ሲዲና ካሴት ያላት አሮጌ ሚኒ ዴክ አለችኝ፣ ከሁለት ትንንሽ ስፒከሮቿ ጋር። ድምፅዋ ታፍኗል። አምፕ (ስፒከሩን የሚነዳውን ማጉያ) ልግዛ ወይስ ስፒከር ልቀይር? ብሬ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃ።

መልስ፦ ምረጥ ካልከኝ ስፒከር። ነገር ግን ብርህን ከማውጣትህ በፊት ምኑ እንደታፈነ ለይልኝ። ሲዲው ጥርት ብሎ ካሴቱ ብቻ ከታፈነ ስፒከሩ ምንም አልበደለም፤ የካሴቱ ሄድ (ክሩን የሚያነበው ብረት) ቆሽሿል። ጥጥ በንጹህ አልኮል ነክረህ ሄዱንና የጎማ መንኮራኩሩን ጥረግ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ በቃ።

ሁለቱም ከታፈኑ የፊቱን ጨርቅ አንሳና ጆሮህን ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ላይ አስጠጋ። ዝም ካለ ወይ ትዊተሩ ሞቷል ወይ ሽቦው ላይ ከፊቱ ያለችው ካፓሲተር አልቃለች። በነዚህ ትንንሽ ስፒከሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ማከፋፈያው (ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ የሚለየው) ያቺ አንዲት ካፓሲተር ናት። ለምሳሌ 3.3 ማይክሮፋራድ ከሆነችና ትዊተሩ 8 ኦም ከሆነ፣ ከ6 ሺህ ኸርዝ (ኸርዝ በሰከንድ የንዝረት ብዛት ነው፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) በታች ያለውን እየቀነሰች የላይኛውን ታሳልፋለች። ስትቀይራት ልኳ ያው ይሁን፣ ፕላስና ማይነስ የሌላት ዓይነት ትሁን። ወጪዋ ትንሽ ናት።

ከዚያ ወደ ውፈሩ (ባሱን ወደሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ውረድ። ወረቀቱን ከብረቱ ጋር የሚያያዘው ቀለበት ጎማ ነው ወይስ ስፖንጅ? ስፖንጅ ከ10 እስከ 20 ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦም ይበሰብሳል። በጣትህ ስትነካው እየተፈረፈረ ከመጣ ቀለበቱ ብቻ ይቀየራል፣ ስፒከሩ አይጣልም። በመጨረሻ የአራት ጣቶችህን ጫፍ ወረቀቱ ላይ ዙሪያውን እኩል አሳርፈህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋው። ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ ከተመለሰ ኮይሉ (ውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ) ደህና ነው። አሸዋ እንደሚፈጭ ከተንኮሻኮሸ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል፤ ያን ጊዜ ሌላ ፈልግ።

የሞጣው፦ አሪፍ ስፒከር ጠቁመን እስቲ።

መልስ፦ ለምን? ለስንት በስንት ክፍል? በየትኛው አምፕ? ጀርባውን አንብበህ ተመለስ።

የዳንግላዋ፦ እኔ የምጠይቀው ለአባቴ ነው። አልጋቸው ላይ ሆነው ማሲንቆና የድሮ ዘፈን ይሰማሉ፤ ነገር ግን በየመሀሉ «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል። ዴኳ ቁምሳጥን ላይ ናት። ስንት ዋት ብገዛላቸው ቃሉ ይሰማቸዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይኼ ነው። ዋቱን ለጊዜው ተዪው። እኛ አገር ዘፈን የሚሰማ ሰው ቃል ነው የሚሰማው። የዋሸራ፣ የቅኔ አገር ሰዎች ሆነን፣ ሰሙ ሳይሰማን ወርቁ ከየት ይመጣል? አዝማሪው አንዷን ፊደል ሲያጠብቅና ሲያላላ ነገሩ የሚገለበጥበት አገር ላይ፣ ሰዉ ግን ዴክ ሲገዛ የሚሞክረው ባሱን ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ አካባቢ ነው። ቃሉን ከቃል የሚለዩት እንደ ሰ፣ ተ፣ ፈ ያሉት ፊደላት ግን በአብዛኛው ከ1 ሺህ ኸርዝ በላይ ናቸው። ባስ ቡስት (ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) ስትጫኚ ታችኛው ያብጥና ላይኛውን ይሸፍነዋል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ጆሮው መጀመሪያ የሚያጣው ላይኛውን ነው። ስለዚህ አባትሽ «ምን አለ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

እንዲህ አድርጊ። ባስ ቡስቱን አጥፊው፤ «ሮክ»፣ «ፖፕ» የሚሉትንም ተያቸው፣ ፍላት (ምንም ያልተጨመረበት) ላይ ይሁን። ስፒከሮቹን ከቁምሳጥኑ አውርጂና አልጋቸው አጠገብ፣ ትዊተሩ በተቀመጡበት የጆሯቸው ቁመት ላይ እንዲሆን አድርጊ፣ ፊቱንም ወደ እሳቸው አዙሪው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይጨምራል፤ ይኼ አምፑን አራት እጥፍ እንደማሳደግ ነው። ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ትርፉ ትንሽ ያንሳል፤ ቢሆንም ቃሉ ይለያል። ከማዕዘንም አርቂው፣ ማዕዘን ባስ ያሳብጣል። ይኼ ሁሉ በነፃ ነው።

ስለ ዋት ካነሳሽ አይቀር፣ ካርቶኑ ላይ «ፒኤምፒኦ» ተብሎ የተጻፈውን በሺህ የሚቆጠር ቁጥር አትመኚው፤ «አርኤምኤስ» (ሳያቋርጥ የሚሰጠው እውነተኛ ኃይል) የሚለውን ፈልጊ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲመስል ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ለመኝታ ቤት በአንድ ወገን 15 ወይም 20 እውነተኛ ዋት ተርፎ ይሄዳል።

የሞጣው፦ ባስ ካጠፋን ከበሮው ምን ሊሆን ነው? ዘፈን ያለ ከበሮ ለቅሶ ነው።

የደጀኑ፦ ማሲንቆ ምን ባስ አለውና? አንድ ጅራት ነው።

የሞጣው፦ በገናስ? ዐሥር አውታር ነው፤ በትንሽ ስፒከር ስትሰማው ዝንብ ነው የሚመስል።

የደጀኑ፦ ለበገና ጾም ይምጣ፣ አሁን ስለ ዴክ ነው።

መልስ፦ ባስ ይጥፋ አላልኩም፣ ባስ *ቡስት* ይጥፋ ነው ያልኩት። ጭራሽ በገና ተጀመረ። ወደ ጥያቄው።

የቡሬው፦ ከውጭ ዘመድ ያመጣልኝ የጃፓን ዴክ አለ። ጀርባውን አንብቡ ባልከው መሠረት አየሁት፣ 100 ቮልት ይላል። ስቴብላይዘር ስላለኝ ልሰካው?

መልስ፦ አትሰካው! ጎሽ፣ አንብበህ በመጠየቅህ ዕቃህን አዳንከው። ስቴብላይዘር የሚያወጣው 220 ነው፤ ሥራው የሚወጣ የሚወርደውን 220 ማስተካከል እንጂ ወደ 100 ማውረድ አይደለም። የሚያስፈልግህ ከ220 ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ ወደ 110 የሚያወርደውን አትውሰድ፣ ለ100 ዴክ ይበዛበታል። የዴኩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዋት ሰፋ ያለ ይሁን፤ 60 ዋት ካለ 100 ዋት የሚችል ግዛ። ትራንስፎርመሩ ላይ የትኛው ሶኬት 100 እንደሆነ በቀለም ጻፍበት፤ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ነገ ግድግዳው ላይ ቀጥታ ይሰካዋል።

የሞጣው፦ የኔ 120 ቮልት ነው የሚለው። ችግር አለው?

መልስ፦ አሁን ለቡሬው የመለስኩትን አላነበብክም ማለት ነው። ችግር አለው። 220 ካላለ ወይም «ከ100 እስከ 240» ካላለ ግድግዳ አይንካ። ለ120ው የሚሆነው ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርደው ነው። ጀርባውን አንብቡ።

የእንጅባራው፦ የኔ ሚኒ ዴክ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ሁለት ጃክ አላት። ሌላ ስፒከር ሊገባላት ይችላል?

መልስ፦ አይገባም። እነዚህ ዴኮች ብዙውን ጊዜ ለውፈሩ ለብቻው፣ ለላይኛው ለብቻው አምፕ አላቸው፤ ማከፋፈያው ዴኩ ውስጥ ነው። ተራ ስፒከር ብትሰካ ግማሽ ዘፈን ብቻ ነው የምትሰማው። እሷን እንደነበረች ተዋት።

የማርቆሱ፦ ጋሼ፣ መብራት እንደምታውቀው ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪና ሶላር አለኝ። ኢንቨርተር (የባትሪውን ወደ 220 የሚቀይረውን) ልግዛና ዴኩን ላሠራ ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ርካሽ ኢንቨርተር ስፒከር ላይ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ያመጣል፣ ባትሪም ይበላል። አሮጌ ዴክህን ለመብራት ቀን ተዋትና ደህናዎቹን ስፒከሮቿን ብቻ ውሰድ። ቲፒኤ3116 የሚባል ትንሽ የዲ ክላስ (ኃይል የሚቆጥብ) አምፕ ቦርድ አለ፤ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ጠይቅ፣ ብሉቱዝ ያለውም አለ። ከ12 እስከ 24 ቮልት ይሠራል። በ12 ቮልት ከ4 ኦም ስፒከር ጋር በአንድ ወገን ወደ 15 ዋት ንጹህ ድምፅ ታገኛለህ። ለማታ በመጠኑ ከሰማህ ወደ ግማሽ አምፔር ብቻ ነው የሚወስድ፤ የ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብትጠቀም ሰባት ሰዓት ያህል ይሄድልሃል። ከግማሽ በታች ደጋግመህ ካወረድከው ግን ባትሪው ቶሎ ይሞታል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ባትሪው ፕላስ ላይ፣ እዚያው አፉ ጋ፣ ፊውዝ አድርግ። ሌላው፣ የዚህ ቦርድ የስፒከር ማይነሶች እርስ በርስም ከመሬትም (ከባትሪው ማይነስ) ጋር መገናኘት የለባቸውም። «ማይነስ ማይነስ ነው» ብሎ ሁለቱን በአንድ ሽቦ የሚያመጣ ሰው ቦርዱን ያቃጥላል።

የሊበኑ፦ ስልኬን ቻርጅ ላይ አድርጌ በጃክ ስሰካው እሪሪ ይላል። ለምን?

መልስ፦ ስልኩም አምፑም በአንድ በኩል በኃይል፣ በሌላ በኩል በጃኩ ሲገናኙ የቻርጀሩ ጫጫታ በጃኩ ይገባል። ቻርጀሩን ንቀል ወይም በብሉቱዝ ስማ።

የባሕር ዳሩ፦ እኔ ስፒከር ሽቦውን ወርቅ በተቀባ ኬብል ቀይሬ ልዩነቱን ሰምቻለሁ። ሽቦን የረሳችሁት ይመስለኛል።

የደጀኑ፦ ብሩን ስላወጣህ ነው የሰማኸው።

የባሕር ዳሩ፦ አንተ ጆሮ ከሌለህ እኔ ምን ላድርግህ?

መልስ፦ እንቁጠረው። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ሽቦ፣ ስፒከሩ 5 ሜትር ቢርቅ፣ ሄዶ ተመልሶ 10 ሜትር ነው፤ መቋቋሙ ወደ 0.12 ኦም ይሆናል። ለ6 ኦም ስፒከር ሁለት በመቶ። ይኼ አይሰማም። ተራ የመብራት ሽቦ ይበቃችኋል። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ መዳብ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ከላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ካሳየ አሉሚኒየም ነው፤ እሱን ከወሰዳችሁ ወፈር ያለውን ውሰዱ፣ በመዳብ ዋጋም አትክፈሉ። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ማሠራችሁንም እዩ። አንዱ ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መሀል ላይ መቆሙ ቀርቶ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ቀለሙ የጠፋበት ስፒከር ካላችሁ በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ነካ አድርጉት፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፕላስ የነካው የስፒከሩ ፕላስ ነው።

አንድ አባት፣ ከቢቸና፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ይኼ ኦም የምትለው አይገባኝም። ቤቴ ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሊሾ። ድሮ ጭቃ ቤት ሳለሁ ይችው ዴክ ታምር ነበር፣ አሁን ገደል ውስጥ ያለች ትመስላለች።

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ኦም ባያውቁም ነገሩን ከሁላችንም አብልጠው ይዘውታል። ብሎኬቱና ሊሾው ድምፁን እየመለሱ ነው። ከዴኳ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ከጀርባዎ ባለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርገው ይስቀሉ። ዴኳ ላይ ምንም አይቀይሩ።

የሞጣው፦ እኔስ ቆርቆሮ ቤት ነኝ፣ ኮርኒስ የለውም። ክረምት ዝናቡ ነው የሚሰማ፣ ዴኩ አይሰማም።

መልስ፦ እሱን እግዜርን ጠይቅ። ኮርኒስ አስመታ። ክረምት ካነሳህ ግን፦ ሲያጓራ ዴኩን ከሶኬት ንቀሉ፣ የውጭ አንቴና ካለም እሱንም። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም።

የአዴቱ፦ ዘፈን ከዩቲዩብ አውርጄ ወደ 320 ኪሎቢት (የፋይሉ የጥራት ልክ) ስቀይረው ይሻሻላል?

መልስ፦ አይሻሻልም። የጠፋው አይመለስም፣ ፋይሉ ብቻ ይወፍራል። ሲዲ ካለህ ከሲዲው ቅዳ።

የሞጣው፦ ጀርባውን አነበብኩ ጋሼ፣ አሁን አትቆጣኝ። አምፑ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ይላል። ሁለት ጥንድ ስፒከር አለኝ፣ ሁሉም 6 ኦም። አራቱንም ልሰካ?

መልስ፦ በስተመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅህ። በአንድ ወገን ሁለት 6 ኦም ጎን ለጎን (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ስታሥራቸው 3 ኦም ይሆናሉ፤ አምፑ የሚችለው ከ6 ጀምሮ ነው፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። በተከታታይ ካሠርካቸው 12 ኦም ስለሚሆኑ አምፑን አይጎዱም፣ ነገር ግን ኃይሉ ይቀንሳል፣ ስፒከሮቹ የተለያዩ ከሆኑም ድምፁ ይዛባል። የተሻለውን ጥንድ ምረጥና እሱን ብቻ ስካ፤ ሌላውን ለዳንግላዋ አባት ሽጥላቸው።

የዳንግላዋ፦ ስንት ኦም ነው? ጀርባውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።