ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተቆለፈባት ሴት፦ የሐዋሳ አንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የቻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» (1847) እና ጂን ሪስ ያንኑ ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርዪቱ ጄን የምታፈቅረው ሮቸስተር ዕብድ ናት ብሎ ፎቅ ላይ ከቆለፈባት የመጀመሪያ ሚስቱ ወገን ሆና የጻፈችበትን «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» (1966) ይመለከታሉ፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የትኛውን ላስቀድም?

መልስ፦ ብሮንቴን። ፒያሳ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ሲገዙ ለተማሪ ተብሎ ያጠረውን እትም እንዳይወስዱ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ሪስ የጨመረችው ምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙዎች «ለዕብዷ አንደበት ሰጠቻት» ብለው ያልፋሉ፤ እኔ ግን ዘመኑን ማዛወሯ ይበልጣል እላለሁ። በብሮንቴ ልቦለድ ለጄን አዲስ መጽሐፍ ተብሎ የሚሰጣት የዋልተር ስኮት «ማርሚዮን» በ1808 የወጣ ስለሆነ፣ ከዚያ 15 ዓመት ያህል የሚቀድመው የሮቸስተርና የመጀመሪያ ሚስቱ የጃማይካ ሠርግ ባርነት በሕግ ጸንቶ በነበረበት ዘመን ይውላል። ሪስ ግን የጀመረችው የ1833ቱ የባርነት ማስቀሪያ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ የአንቷኔት (ሪስ ለመጀመሪያዋ ሚስት የሰጠቻት ስም ነው) እናት ነጮቹ የሚንቋት፣ ነፃ የወጡትም የሚጠሏት የደኸየች መበለት ትሆናለች፤ ሀብታም እንግሊዛዊ አግብታ ቀና ስትል ደግሞ ጥላቻው ይብስና ኩሊብሪ የተባለው መኖሪያ ቤታቸው ይቃጠላል፣ ትንሹ ልጇ ፒየርም ይሞታል። ሠርጉ ብሮንቴ ባኖረችበት ዘመን እንዳለ ቢቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ መነሻ ያጣ ነበር።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሮቸስተር በብሮንቴ መጽሐፍ ስለ ሚስቱ ሲናገር ዋሽቷል?

መልስ፦ ሪስን በብሮንቴ ላይ ምስክር አድርጋችሁ አትጥሩ። አባቱና ወንድሙ ለ30,000 ፓውንድ ሲሉ እንደዳሩት በብሮንቴም ራሱ ይናገራል፤ መጠርጠር የሚሻ ከዚያው ይጀምር። ሪስም ብትሆን ባልየውን ዝም አላሰኘችውም፤ ስሙን አንድም ጊዜ ባትጠራውም የሁለተኛው ክፍል አብዛኛው በእሱ አንደበት ይተረካል።

አንድ አባል፦ እንዲህ ከሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በፊታውራሪ መሸሻ በኩል ሊጻፍ ይችላል።

ሌላ አባል፦ ፊታውራሪ መቼ አንደበት አጡ? የሚገባው ለገባሮቹ ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ ገባሮቹማ አበጀ በለውን ይዘው ፊታውራሪን ማርከዋል፤ ተረስተዋል አይባልም።

መልስ፦ ከጉዳያችን ወጣችሁ። ሆኖም ሁለተኛው ሐሳብ ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ድርሰት የሚያተርፈው ሌሎች ብቻ ያወሩለትን ሰው ሲያናግር ነውና።

ጥያቄ፦ ፊልሞቹስ?

መልስ፦ ዘርፌ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአጭሩ የትኛው ይበልጣል?

መልስ፦ በምን? አንድ ምዕራፍ ይምረጡና መልሰው ይጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሮቸስተር ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህ ከላይ ተመልሷል። ሪስን ምስክር አታድርጉ ብያለሁ።