የመኪና ጥያቄና መልስ፦ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) የምትንቀጠቀጠው ቪትዝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፤ 1 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ኦቶማቲክ። ስትሄድ ምንም አትል። አባይ ድልድይ ላይ ሰልፍ ሲይዘኝ ወይም ጊዮርጊስ አካባቢ ፍሬን ይዤ ስቆም ግን መሪው እስኪርገበገብ ትንቀጠቀጣለች፤ ኤሲ ከከፈትኩማ ልትጠፋ ትደርሳለች። አራቱንም ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ የነዳጅ ፓምፕ ይቀየር እየተባልኩ ነው። ምን ይሻለኛል?
ከባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14

መልስ፦ ለጊዜው ፓምፑን ይተዉት። የደከመ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ዳገት ላይና ነዳጅ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ነው፤ የእርስዎ መኪና ደግሞ ስትሄድ ደህና ናት። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ፣ በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልካ የምትገባ ትንሽ አየርም ሆነች የአንድ ሲሊንደር ድክመት ወዲያው ትጎላለች። ዙሩ ከፍ ሲል ያቺው ቀዳዳ ከጠቅላላው አየር አንጻር ኢምንት ትሆናለችና ችግሩ የጠፋ ይመስላል።

በመጀመሪያ ሞተሩ እየሳተ ነው ወይስ መኪናዋ ብቻ ነው የምትንቀጠቀጠው? ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የእጅ ፍሬን ስበው ማርሹን በኤን (ኒውትራል) አድርገው ያዳምጡ፤ ከዚያ የእግር ፍሬን እንደያዙ ዲ ያስገቡ። በኤን ጸጥ ካለ፣ በዲ ደግሞ ዙሩ ሳይዋዥቅ ንዝረቱ ብቻ ከመጣ፣ ጥፋቱ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው ባለ ጎማ መያዣ፣ ሱፖርቶው፣ ላይ ነው። ኮፋኖ ከፍታችሁ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይዞ ዲ እና አር ሲቀያይር ሌላው ከጎን ሆኖ ይመልከት፤ ጎማው የተቀደደ ሱፖርቶ ሞተሩን ያዘልለዋል። ከመኪናው ፊት ግን ማንም አይቁም።

በኤንም የሚረበሽ ከሆነ ማርመታው ጫፍ ላይ አንድ ወረቀት ያንጠልጥሉ። ጤነኛ ሞተር ወረቀቱን በእኩል ምት ይገፋዋል። አልፎ አልፎ የሚስት ከሆነ አንድ ሲሊንደር እየሠራ አይደለም ማለት ነው፤ ወደ ውስጥ የሚስበው ከሆነ ደግሞ የማስወጫ ቫልቩ በደንብ አለመዝጋቱን ይጠርጥሩ።

«ፍሬን ይዤ ስቆም» ያሉት ነገር ችላ የሚባል አይደለም። ፍሬኑን የሚያቀለው ሰርቮ፣ ያ ከፔዳሉ ፊት ያለው ክብ ጥቁር ታኒካ፣ የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ የአየር መሳብ ኃይል (ቫኪዩም) ነው። ውስጡ ያለው ጎማ ከተቀደደ ፍሬን በረገጡ ቁጥር ያልተለካ አየር ወደ ሞተሩ ይገባል። በኤን፣ በእጅ ፍሬን፣ ፔዳሉን 15 ሴኮንድ ያህል ረግጠው ይያዙ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠና ከእግርዎ ሥር የማያቋርጥ «ሽሽሽ» ከተሰማ፣ ከማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ወደ ሰርቮ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጥጠው ይያዙት። ሞተሩ ከረጋ ጥፋቱን አገኙት። ቱቦው እንደተቆነጠጠ ግን ፈጽሞ እንዳይነዱ፤ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

ሰርቮው ደህና ከሆነ ሌሎቹን ቀጫጭን ቱቦዎች በተራ እንዲሁ እየቆነጠጡ ያዳምጡ። የሞተሩን ትንፋሽ ወደ ማኒፎልድ የሚመልሰውን ትንሽ ቫልቭም አይርሱት፤ ነቅለው ሲነቀንቁት ኳኳ ካላለ ተጣብቋል። ቀዳዳ ለመፈለግ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ወይም ካርቡራተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፤ እሳት ነው። የማኒፎልዱን መጋጠሚያ ለመፈተሽ በመርጫ ጥቂት የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጡትን ኮይሎችና ሶኬቶቻቸውን ግን አያርጥቡ።

አየር የሚያስገባ ከሌለ ወደ ሲሊንደሮቹ ይሂዱ። የእርስዎ ሞተር በየካንዴላው ራስ ላይ ኮይል አለው። ሞተሩ እየሠራ የአንዱን ኮይል ሶኬት ለ3 ወይም 4 ሴኮንድ ነቅለው ይመልሱ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ካልተረበሸ የታመመው ሲሊንደር እሱ ነው። አያቆዩት፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርመታው ውስጥ ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስቱን፣ ያቃጥላል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው የዚያን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ፤ መያዣው 10 ቁጥር ብሎን ነው። ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ከተዛወረ መግዛት ያለብዎት አንድ ኮይል ብቻ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን (ቤንዚን የሚረጨውን)፣ በመጨረሻ ኮምፕሬሲዮኑን (የሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት) ይፈትሹ።

ኮይሉን ሲያወጡ የካንዴላውን ጉድጓድ በባትሪ ብርሃን አጮልቀው ይዩት። ዘይት ካለ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን አልቋል። ውሃ ካለ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ላቫጆ ውስጥ በግፊት ውሃ መታጠቡ ነው። (ጣና ዳር ወስዶ ማጠብም ለኮይሉም ለሐይቁም አይበጅም።) አዲስ ካንዴላ ሁሉ ትክክል ነው ብለው አይመኑ፤ ለብዙ የዚህ ዘመን ቶዮታዎች ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ነው፣ ሲወድቅ ወይም በካርቶኑ ውስጥ ሲጋጭ ይጠብባል።

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የጥፋት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ካለ ባትሪ ከመንቀልዎ በፊት ኮዱን ያስነብቡ፤ ባትሪ ሲነቀል ይጠፋል። ፒ0301 እስከ ፒ0304 የሳተውን ሲሊንደር ይነግራል። ከኮዱ የሚበልጠው ግን የነዳጅ ማካካሻው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ቤንዚን፣ ነው። ሚኒሞ ላይ 20 በመቶ ጨምሮ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር እየገባ ነው። በተቃራኒው ዙር ሲጨምር ማካካሻውም ከጨመረ ያኔ ፓምፑንና የነዳጅ ፊልትሮውን እንነጋገራለን። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ቪትዞች ከርካሽ ስካነር ጋር አንነጋገርም ሊሉ እንደሚችሉ ይወቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለባሕር ዳር ሰው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየር ግፊቱም ወደ 81 ኪሎፓስካል ይወርዳል። የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ 81 ካሳየ በትክክል እየሠራ ነው፤ «101 ማሳየት ነበረበት» ብሎ የሚያስቀይርዎት ገንዘብዎን ያስወጣዎታል። በቫኪዩም ጌጅም እንዲሁ ነው፦ የጥገና መጽሐፉ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ካለ እዚህ ወደ 6 ኢንች ይቀንሱ። ኮምፕሬሲዮንም ከመጽሐፉ ያንሳል፣ ስለዚህ አራቱን እርስ በርስ ያወዳድሩ፤ ከ1 ባር በላይ ልዩነት ካለ ጥፋት አለ።

ጥያቄ፦ ትሮትል ቦዲ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል) ካስጸዳሁ ወዲህ ሚኒሞው 1,500 ላይ ቀርቷል። አበላሹብኝ?
ከባሕር ዳር፣ ፓፒረስ አካባቢ

መልስ፦ ላያበላሹት ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ለቆሻሻው ማካካሻ አየሩን ከፈት አድርጎ መስጠት ለምዶ ነበር፤ ቆሻሻው ሲነሳ ያ ትርፍ ሆነ። መጀመሪያ የአየር ቱቦው መያዣ በደንብ መጥበቁን፣ የነዳጅ ገመዱም አለመወጠሩን ይዩ። ከዚያ የባትሪውን ነጌቲቭ ለጥቂት ደቂቃ ነቅለው ይመልሱ፣ ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ሳይረግጡ 10 ደቂቃ ይተዉት፤ ቀጥሎ ኤሲ ከፍተው፣ በመጨረሻ ፍሬን ይዘው ዲ ላይ ያቆዩት። በኤን 650 እስከ 750 አካባቢ ከረጋ ጨርሰዋል። የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን ዞር በማድረግ ዙር የሚያወርድ መካኒክ ካለ ያስቁሙት፤ ያ ብሎን የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባጃጄ ከሃይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ከሞላሁ ወዲህ ቆሜ ተሳፋሪ ሳወርድ ይጠፋል። ካርቡራተር ይቀየር?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይቀየር። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግተው ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ትንሽ ብሎን ያላሉ፤ የሚወርደውን ቤንዚን በጠራ ጠርሙስ ተቀብለው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። ውሃ ካለ ከታች ለብቻው ይተኛል። ነጭ ጋዝ ግን ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሃድ በዓይን አይለይም፤ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ፈጥኖ ይደርቃል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታማ ምልክት ይተዋል። ታንከሩ በዚሁ ከተሞላ እሱም ይገልበጥ። ቀጥሎ የሚኒሞው ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ጠባብ ቀዳዳ ብሎን) ይውጣና በአየር ይነፋ፤ በሽቦ ወይም በመርፌ አይነካ፣ ቀዳዳው ከሰፋ ያለ መጠን ቤንዚን ይጠጣል። የአየር ብሎኑን ከመንቀልዎ በፊት በቀስታ ወደ ውስጥ እስኪቆም ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥረው ይጻፉት፤ ሲመልሱ ከዚያው ይጀምሩ፣ የመጨረሻውን ማስተካከያ ግን ሞተሩ በደንብ ሞቆ ያድርጉት።