ለዝላይ ስንት ኦፍሴት፣ ስንት ቁጥር ጎማ?

የአንባቢያን የመኪና ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ። የ2012 ሞዴል ሃይሉክስ ቪጎ ደብል ጋቢና አለኝ። እሁድ እሁድ ከልጆች ጋር ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ስራ ያቆመ ካባ ውስጥ የአፈር ቁልል ላይ እንዘላለን፣ ያው ብዙም አይደለም ከመሬት ግማሽ ሜትር ምናምን ቢነሳ ነው። አሁን መኪናው ሰፋ ብሎ እንዲቆምልኝ ስለፈለግኩ ሶማሌ ተራ 17 በ9 ኢቲ ማይነስ 12 የሆነ ቸርኬ ከነ 285/70 ጎማው አገኘሁ። ሻጩ "ሞላውን 2 ኢንች ካስነሳኸው ምንም ሳይነካ ይገባል" ብሎኛል። አሁን የገጠመው የፋብሪካው 265/65 ባለ 17 ነው። ልግዛው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ አትግዛው ወንድሜ። ጎማውን እንኳን እናወራበታለን፣ ቸርኬው ግን ለዝላይ አይሆንህም።

17 በ9 ሲባል የቸርኬው ቁመት 17 ኢንች ወርዱ 9 ኢንች ነው፣ 285/70 ሲባል ደግሞ የጎማው ወርድ 285 ሚሊ ሆኖ የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 ፐርሰንት ነው። ኢቲ ምትባለዋን ቁጥር (ኦፍሴት ሚሏት እሷን ነው) ብዙ ሰው የውበት ጉዳይ አድርጎ ነው ሚያያት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቸርኬው ሞዞው ላይ (በብሎን ሚታሰርበት የሚሽከረከረው ብረት) ሚቀመጥበት ፊት አለ አይደል፣ ያ ፊት ከቸርኬው ወርድ መሀል በስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል ነው። ፊቱ ወደ ውጪ ካደላ ፕላስ ይባላል ቸርኬው ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ወደ ፍሬኑ ካደላ ማይነስ ነው ቸርኬው ወደ ውጪ ይወጣል። ያንተ የፋብሪካ ቸርኬ 7 ተኩል ኢንች ወርድ ፕላስ 30 ነው፣ ስለዚ ከሞዞው ወደ ውጪ 65 ሚሊ፣ ወደ ውስጥ 125 ሚሊ ይሄዳል ማለት ነው። ያገኘኸው ደግሞ ወደ ውጪ 126፣ ወደ ውስጥ 102። በያንዳንዱ ጎን 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጪ ወጣህ፣ የጎማው መሀል ራሱ ደግሞ በ42 ሚሊ ሸሸ። በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደረትህ ላይ አስጠግተህ ያዘው፣ ከዛ ክንድህን ዘርግተህ ያዘው፣ ኩሽኔታው ሚሰማው ያንን ነው።

እሱ ደግሞ መኪናው ቆሞ እያለ ነው። ስታርፍ ሌላ ሂሳብ ነው። ግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ ወርደህ ሜዳ ላይ አርፈህ፣ ያቺን ውድቀት 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን የሞላ ጉዞ (ሞላው ሲጨመቅ ጎማው ወደ ላይ ሚሄደው ርቀት) ብታቆማት ጎማዎቹ ላይ ሚያርፈው ጉልበት በአማካይ የመኪናው ክብደት 3 እጥፍ ተኩል ነው፣ በአማካይ ነው ያልኩት ባምፕ ስቶፑን (የሞላው ጉዞ ማብቂያ ላይ ያለውን ማስቆሚያ ጎማ) ሲመታ ያለው ከዛም በላይ ነው። የሞላው ጉዞ 40 ሴንቲ ቢሆን ግን ወደ 2 ከሩብ ይወርዳል። ለዚህ ነው በዝላይ ሚኖሩት ሰዎች ብራቸውን መጀመሪያ አሞርዛተርና የሞላ ጉዞ ላይ ሚያፈሱት ቸርኬ መጨረሻ ነው ሚመጣው። አንድ ጎማ ቀድሞ ካረፈ ደግሞ (ሁሌም አንዱ ይቀድማል) ወደ ውጪ የወጣው ጎማ መሪውን ከእጅህ ነጥቆ ያዞረዋል፣ ስለዚ ምንም ቸርኬ ግጠም ስትዘል አውራ ጣትህን ከመሪው ውስጠኛ በኩል አትጠቅልል ይሰበራል።

ሻጩ ስለ ሞላው ያለህ ነገር ግማሽ እውነት ነው። ሞላው ሲነሳ መኪናው ቆሞ እያለ ከፍ ይላል፣ ጎማውና ፓራፋንጎው መሀል ክፍተት ይታያል፣ ፎቶ ላይም አሪፍ ነው። ስትዘል ግን ምታርፈው ቆሞ ባለበት ከፍታ አይደለማ! ሞላው እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ባምፕ ስቶፑ ላይ ነው ምታርፈው፣ እዛ ነጥብ ላይ ሞላው የተነሳለትም ያልተነሳለትም ቪጎ ጎማው ያው ቦታ ነው ሚገኘው፣ ባምፕ ስቶፑን ካላስረዘምክ በቀር፣ ካስረዘምክ ደግሞ የሞላ ጉዞህን በላህ። እና ደግሞ ጎማው ወደ ውጪ በወጣ ቁጥር መሪ ስታዞር ሚሰራው ክብ ይሰፋል፣ ከፊት ባምፐሩን ከኋላ ቦዲው ከቻሲው ጋር ሚታሰርበትን ቦታ ይፈልጋል።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ምን እንደሚያደርጉ እይ። ፎርድ ራፕተርን ለበረሃ ዝላይ ብሎ በ2010 ሞዴል ሲያወጣ 315/70 ባለ 17 ጎማ ነው የሰጠው፣ ትልቅ ጎማ ነው ወደ 35 ኢንች። ቸርኬው ግን 8 ተኩል ወርድ ሆኖ ኢቲው ፕላስ 34 ነው፣ ካንተ ሃይሉክስ እንኳን ይበልጣል። መኪናውን ያሰፉት የሞዞውን ክንዶች አስረዝመው ነው፣ ጎማው ከነሞዞው ነው የወጣው እንጂ ጎማው ብቻውን ተገፍቶ አይደለም። የበረሃ ውድድሩ ዳካርም ላይ በ2022 ቲ1 ፕላስ ሚባለው ምድብ ሲጀመር ጎማውን ከ32 ወደ 37 ኢንች ሲያሳድጉት የሞላውን ጉዞ ከ280 ወደ 350 ሚሊ፣ ወርዱንም ከ2 ሜትር ወደ 2.3 ሜትር አብረው ነው የጨመሩት። የዛን አመት የኳታሩ ሹፌር አል አቲያህ ያሸነፈው በሃይሉክስ ነው፣ ግን ስሙ ብቻ ነው ካንተ ጋር ሚገናኘው ስሩ ሌላ መኪና ነው።

እና ምን ልግዛ ካልከኝ፣ 17 በ8፣ ኢቲ ፕላስ 20 እስከ ፕላስ 30፣ ባለ 6 ቀዳዳ 139.7 (ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክብ በሚሊ)። ፕላስ 20 ብትወስድ ወደ ውጪ 16 ሚሊ ብቻ ነው ምትወጣው፣ ወደ ውስጥም ካሁኑ በላይ አትገባም። መሀል ቀዳዳው ሞዞው ላይ ልክ ልክ ብሎ ይቀመጥ፣ ቪጎ ላይ 106 ሚሊ ነው። ከቸርኬው ጀርባ የተመታውን የመሸከም አቅም አንብብ፣ ከሌለው ተወው።

ጎማውን በተመለከተ 265/70 ባለ 17 ብትሆን እኔ እመርጥልሃለሁ። ቁመቱ ወደ 803 ሚሊ ነው፣ ካሁኑ 776 ጋር ስታየው ትንሽ ነው የጨመረው ግን የጎማው ጎን ከ172 ወደ 185 ሚሊ ይወፍራል፣ ስታርፍ ቸርኬህን ከድንጋይ ሚያድንልህ እሱ ነው። 285/70 ወደ 831 ይወጣል፣ 7 ፐርሰንት ማለት ነው፣ ቆጣሪው 100 ሲልህ አንተ 107 ላይ ነህ። እሱ ይሁን፣ ግን ማርሹም በዛው ልክ ይከብድብሃል። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ እንጦጦን ጭነህ ስትወጣ ፍሪሲዮኑ ነው ሚከፍለው። ክብደቱም አለ፣ የጎማ ኪሎ ሲጨምር አሞርዛተሩ ያንን ዥዋዥዌ ለማቆም ይለፋል ይግላል።

ብቻ የትኛውንም ብትመርጥ ሳትለካ አትዝለል። መኪናውን ሜዳ ላይ በስታንድ ደግፈህ የአንዱን የፊት አሞርዛተር ከነሞላው አውጣው፣ ከነሞላው ነው ያልኩት ሞላውን ለይተህ ያለ መጭመቂያ ለመፍታት እንዳትሞክር ሰው ይገድላል። ከዛ ጎማውን አስረህ ትከሻው ላይ ዙሪያውን ጠመኔ ቀባ፣ በክሪክ ከስር ቀስ እያልክ ባምፕ ስቶፑ እስኪነካ ድረስ አንሳው፣ መሪውን ጥግ ከጥግ አዙር። ነጭ የሆነው ቦታ ሁሉ ስታርፍ በሶስት እጥፍ ጉልበት ምትመታው ቦታ ነው። ለንፋሱ ደግሞ በሩ ላይ ካለው ስቲከር አትውረድ፣ ዋልካ ጭቃ ላይ ንፋስ ቀንሶ መሄድ ሌላ ነገር ነው፣ ለዝላይ ያነሰ ንፋስ ቸርኬውን ከመሬት ያጋጨዋል።

ካባው ውስጥ ደግሞ እረኞች ከቁልሉ ማዶ ይቀመጣሉ፣ ከዚህ በኩል አይታዩም። ማዶውን ሚያይ ሰው ሳታቆሙ አትዝለሉ።

ጥያቄ፦ እኔም ቪጎ ነው ምነዳው። ቸርኬ ከመግዛት ይልቅ 30 ሚሊ ስፔሰር (ሞዞውና ቸርኬው መሀል ሚገባ ብረት) ቶርኖ ቤት ላስወጣ? ሰርቪስ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ነው እንጂ እንደ ልጆቹ አልዘልም፣ አንዳንዴ ግን ጉብታ ላይ ተነስቼ አውቃለሁ። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፕላስ 30 ላይ 30 ሚሊ ስፔሰር ማለት ዜሮ ማለት ነው፣ ኩሽኔታው ስፔሰር ይሁን ቸርኬ ይሁን አያውቅም ጫናው ያው ነው። ጭራሽ መሀል ላይ አንድ ተጨማሪ ብረትና 6 ተጨማሪ ብሎን ገባ። ቶርኖ ቤት ሚወጣው ደግሞ የምን ብረት እንደሆነ ማን ያውቃል፣ መሀሉ ሞዞውን ካላቀፈ መሀል ላይ ሚይዙት ብሎኖቹ ብቻ ናቸው። ለኮረኮንች ብለሽ ከሆነ ገንዘቡን ለአሞርዛተር አድርጊው። ተገጥሞ ከሆነም ካሁኑ ዳዶዎቹን አስጠብቂ፣ ከዛ ጎማውን በክሪክ አንስተሽ ከላይና ከታች በሁለት እጅ ይዘሽ ወዝውዢው፣ ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ወይ ቦል ጆይንቱ ለቋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሃይሉክሱ ላይ ባለ 20 ቸርኬ ሊገጥም ነው፣ "ቁመቱ ያው ነው አባ ምንም አይሆንም" ይለኛል። ከሚዘሉት ልጆች አንዱ እሱ ነው። እውነቱን ነው? (ከሰበታ)

መልስ፦ አባቴ፣ ስለ ቁመቱ አልዋሸዎትም። 265/50 ባለ 20 ቁመቱ 773 ሚሊ ነው ከፋብሪካው 3 ሚሊ ቢያንስ ነው። የጎማው ጎን ግን ከ172 ወደ 132 ሚሊ ይወርዳል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ጎማ ወጥቶ በቦታው ብረት ገባ ማለት ነው። ለቦሌ መንገድ ይሁንለት። ካባ ውስጥ ግን ያ ቸርኬ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ጎማው በሁለት ብረት መሀል ተቆንጦ ይቆረጣል፣ ይሄ የሚደርሰው ደግሞ ሲያርፍ ነው መሪ በሚያስፈልገው ሰዓት። የድሮውን ባለ 17 አይሽጥ፣ እቤት ይቀመጥ፣ እሁድ ሲወጣ እሱን ቀይሮ ይውጣ። ጎሚስታ ጋ ወስዶ ማስቀየሩ ከሰለቸው እርስዎ የባለ 20ውን ቁልፍ ዳዶ ኪስዎ ይያዙለት።