ከአይሲዩ ተርፎ ቤት የገባ ሰው ካላችሁ ጠይቁኝ

ሲስተር፦ ሰላም ቤቶች። 14 ዓመት የጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ጀምሬ አሁን ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ኢንቦክስ ላይ ያው ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ እንጨርሰው። ቀድሜ ልናገር፣ የመድኃኒት ስምና መጠን አልናገርም። ታማሚውን ሳላይ የለም!

የጉለሌ ልጅ፦ ሲስተር፣ ወንድሜ 11 ቀን የመተንፈሻ ማሽን ላይ ነበር። ተርፎልናል፣ ተመስገን። ግን "ሊያርዱኝ አስረውኝ ነበር" እያለ ይምላል። ሌሊት ይጮሃል። አብዶ ነው?

ሲስተር፦ አላበደም። እጁ መታሰሩም ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ቱቦውን እንዳይነቅል የሚታሰርበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው በትኩሳት፣ በማስተኛ መድኃኒትና በእንቅልፍ እጦት መሀል ሆኖ እጁን ታስሮ፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው መርፌ ይዞ ከላይ ቆሞ ሲያይ አእምሮው ምን ብሎ ይተርጉመው? ይህ በከባድ ሕመም ጊዜ የሚመጣ የአእምሮ መቃወስ ዴሊሪየም ይባላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ 821 የአይሲዩ ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት 74 በመቶው እንደያዛቸው አሳይቷል። ስለዚህ "ቅዠት ነው፣ ተወው" አትበለው። "አዎ ሊያርዱህ ነበር"ም አትበል። "የታሰርከው ቱቦው እንዳይወጣ ነው፣ እኔም በር ላይ ነበርኩ" በለው። አትከራከረው፣ የሆነውን ብቻ ንገረው።

ማሂ፦ እናቴ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ደህና አይደለችም። ምን ይሻላል?

ሲስተር፦ ደህና አይደለችም ማለት ምን ማለት ነው? አትበላም? አትተኛም? መቼ ወጣች? እንደዚህ ከተጠየቀ እኔም "አይዞሽ" ብቻ ነው የምለው።

ዳኒ፦ ወንድሜ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። የጎረቤት ዲያዜፓም አለ፣ ግማሽ ልስጠው?

ሲስተር፦ አትስጠው። መጀመሪያ ምን አልኩ?

ትዕግሥት፦ ባለፈው ስለ ደብተር ጽፈሽ ነበር። እስቲ አብራሪልን።

ሲስተር፦ ይኸው፣ ይህን ጠይቁኝ! ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ታማሚው ራሱን ሳያውቅ ተኝቶ ሳለ አስታማሚና ነርስ በየቀኑ ይጽፉለታል። ስካንዲኔቪያ ነው የተጀመረው። "ዛሬ ሐሙስ ነው። ዝናብ ጥሏል። ፂምህን ላጨንህ። እህትህ እግርህን በቫዝሊን አሸችህ፣ ጣትህን አንቀሳቀስክ።" በቃ ይኸው ነው። አንድ አባት ነበሩ፣ መርከብ ላይ ጭነውኝ ወስደውኝ ነበር የሚሉ። ማዕበሉን ሳይቀር ይተርካሉ። ልጃቸው የጻፈችውን ሲያነቡ "አባዬ፣ ዛሬ አየር የሚሞላ ፍራሽ ቀየሩልህ፣ ሲሞላና ሲጎድል ያንሳፍፍሃል" የሚል መስመር ላይ ደረሱ። ዝም አሉ። ከዚያ "መርከቡ ፍራሹ ነው ለካ!" ብለው ሳቁ። በ2010 እ.ኤ.አ. በ6 የአውሮፓ አገሮች በ352 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ የሰቀቀን ሕመም (ፒቲኤስዲ) አዲስ የታየባቸው ደብተር ካላገኙት 13 በመቶ፣ ካገኙት 5 በመቶ ነበሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ሲሞከር ደግሞ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፣ እሱንም ልንገራችሁ። እኔ ግን ያንን ሳቅ አይቻለሁ፣ አልተውም። ብቻ በግድ አታስነብቡ። "ደብተር አለህ፣ ስትፈልግ ጠይቀኝ" ማለት ይበቃል።

ወለተ ማርያም፦ ይህ ሁሉ ከሚሆን ጸበል ውሰዱት።

ዳኒ፦ ጀመራችሁ! ሁሉን ነገር ጸበል።

ወለተ ማርያም፦ አንተን ማን ጠየቀህ? አክስቴ የዳነችው በጸበል ነው።

አቤል፦ የኔ አክስት ደግሞ መድኃኒቷን አስቁመዋት ተመልሳ ገባች።

ሲስተር፦ እዚህ አትጣሉብኝ። ሂዱ፣ ግን መድኃኒት አታስቁሙ። ደግሞ ለመተንፈሻ አንገቱ ላይ ቀዳዳ የወጣለት ሰው ላይ ውኃ አታፍስሱ፣ ቀጥታ ሳንባው ነው የሚገባው። ቄሱን "ከአንገት በታች፣ በእርጥብ ጨርቅ" በሏቸው።

ሰብለ፦ እኔ አስታማሚ ነበርኩ። ባሌ ድኖ ሥራ ገብቷል። እኔ ግን ማይክሮዌቭ ጢጥ ባለ ቁጥር ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። ያሳፍራል።

ሲስተር፦ ምን ያሳፍራል እህቴ? የማሽኑ ደወል ነው ውስጥሽ የቀረው። ሐኪሞች ከአይሲዩ በኋላ የሚቀረውን ሕመም በ2012 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥተው ሲያትሙት የቤተሰብንም አብረው ነው የጻፉት። ወር አልፎ ካልቀነሰ የአእምሮ ሐኪም እዪ። አማኑኤል ሂዱ ስላልኩም አትቆጡ፣ ሆስፒታል ነው፣ ስድብ አይደለም። "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ካለ ግን ወር አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት።

ዮኒ፦ እህቴ ከአይሲዩ ወጥታ የሌለ ነገር ታወራለች፣ አብዳ ነው?

ሲስተር፦ ዮኒ፣ ከላይ አንብብ።

አቤል፦ ሐኪሙ ስንት ያስከፍላል?

ሲስተር፦ ሆስፒታሉን ጠይቅ።

የጉለሌ ልጅ፦ ሲስተር፣ እንዳልሽው "በር ላይ ነበርኩ" አልኩት። "ታዲያ ለምን አልገባህም?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ሲስተር፦ ለምን አልገባህም?

የጉለሌ ልጅ፦ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር የሚያስገቡን። ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፌ ነበር የማድረው።

ሲስተር፦ ይህንኑ ንገረው። ካርቶኑንም። ደብተር ግዛና የምታስታውሰውን ጻፍለት፣ አሁንም አልረፈደም።

የጉለሌ ልጅ፦ ከየትኛው ቀን ልጀምር?

ሲስተር፦ ከገባበት ቀን። በሉ ልሂድ፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ።