ድመትና የዱር ዘመዶቿ፦ የወላጆችና የመምህራን ጥያቄና መልስ

ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን ስለ እንስሳት አስተምራለሁ። ስለ ድመትና ስለ ዱር ዘመዶቿ ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ «ውሮ ስታድግ አንበሳ ትሆናለች?» አለችኝ። ምን ልበላት?

እባክዎ አይሳቁባት፤ መመሳሰሉን በራሷ ዓይን አይታለች። «አትሆንም፤ ግን ዘመዳሞች ናቸው» ይበሏት። የድመት ቤተሰብ 40 ገደማ ዝርያዎች አሉት። የቤት ድመት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ ወንድ አንበሳ ግን 190 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለሕፃን ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራትም። እኛ አርባ ድመቶች ሥለን ከአንድ አንበሳ ጎን ለጠፍናቸውና «ክብደታቸው እኩል ነው» ስላቸው ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ድመት አለችን። ትምህርቱን ከየት ልጀምር?

ከጥፍሯ። ስትራመድ ጥፍሯን እንደ ሰይፍ በአፎቱ ትከተዋለች፤ ስለዚህ ኮቴዋ አይሰማም፣ ጥፍሯም ስለታም እንደሆነ ይቆያል። አንበሳና ነብርም እንዲሁ ናቸው። አቦሸማኔ ግን ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይገባ በሩጫ ጊዜ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዝለታል። ቀጥሎ ምላሷ ነው፦ እጃቸውን ስትልስ የሚሻክራቸው ነገር በአንበሳ ምላስ ላይ ሥጋን ከአጥንት ለመፋቅ ያገለግላል። እኔ ከሁሉም የምወደው የዓይኗን ትምህርት ነው። ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ ስትቀመጥ የዓይኗ ብሌን ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ይሆናል። የአንበሳ ብሌን ግን ቢጠብም ክብ እንደሆነ ይቀራል። ባትሪ ግን ዓይኗ ላይ አያብሩ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ነብርንና አቦሸማኔን ያምታታሉ።

ፊቱን እንዲያዩ ያድርጉ። አቦሸማኔ ከዓይኑ እስከ አፉ የሚወርድ የእንባ መንገድ የመሰለ ጥቁር መስመር አለው። ነጠብጣቦቹም ድፍን ናቸው፤ የነብር ግን ክብ ሠርተው እንደ አበባ የተሰበሰቡ ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ በቋንቋችን የእስያውን ባለ መስመር እንስሳም ብዙዎች ነብር ስለሚሉት፣ ሥዕሉ ሲመጣ «ይህ ባለ መስመሩ ነው» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጅብ ከውሻ ነው ወይስ ከድመት?

ከሁለቱም አይደለም፤ ዝምድናው ግን ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል።

ጥያቄ፦ ድመት ለምን አታገሳም?

የጉሮሮዋ አሠራር ከአንበሳ ስለሚለይ ነው። አቦሸማኔም አያገሳም፤ ይልቁንም ደስ ሲለው እንደ ድመት «ህርርር» ይላል፣ አንዳንዴም እንደ ወፍ ይጮኻል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ማመን ያቅታቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰው የአንበሳ ደቦል ሲያቅፍ በቪዲዮ አይቶ «እኛም እናሳድግ» ይላል።

ይህን ጥያቄ በቀላሉ አይለፉት። የሰውን እጅ የለመደ አውሬና ለማዳ እንስሳ አንድ አይደሉም። የቤት ድመት አያቶች የአፍሪካ የዱር ድመቶች ናቸው። የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጡን ተከትላ ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት የዛሬ 9,500 ዓመት ገደማ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ደቦሉ ግን ከዚህ ሁሉ ትውልድ አንዱንም አላለፈም፤ ጡጦ ጠብቶ ቢያድግም ጉልበቱና የአደን ስሜቱ የአንበሳ ነው። ለልጅዎ «ደቦሉ የሚያስፈልገው እናቱና መንጋው ናቸው» ይበሉት። የኔ ልጆች ይህን ወዲያው ይረዱታል።

ጥያቄ፦ የራሳችን ድመትስ ልጄን ለምን ትቧጭረዋለች?

ብዙ ጊዜ አስቀድማ ተናግራለች፦ ጅራቷን ወዲያና ወዲህ ትገርፋለች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታስተኛለች። ልጁ ቁጭ ብሎ እጁን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃት፤ ከመጣች ጉንጯን ያሻሻት። ከቧጨረችው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ይጠቡት፤ ከነከሰችው ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ያሳዩት።